ሦስተኛዋ ጠብታ

በሃያ አራት ዓመቴ ባሕር ዳር ውስጥ እንደ እኔ የሚኮራ ሰው አልነበረም ብል ብዙም አልዋሽም። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ነጩን ጋዋኔን እንደ ሙሽራ ልብስ እየተኮስኩ እለብሰዋለሁ፤ ከሥራ ስወጣም ሰፈሩ እንዲያየው ክንዴ ላይ ጣል አድርጌው ነበር የምሄደው። የምንሠራባት ቤት ጣና ዳር ያለች ባለ ሦስት ክፍል ላቦራቶሪ ነበረች። ስሟን ልተወው፤ ዛሬ የለችም። ጊዜው ደርግ ነው። ከቀበሌ ስብሰባ ለመቅረት የነበረኝ ብቸኛ ሰበብ "ባክቴሪያዎቼን ማየት አለብኝ" የሚል ነበር፤ ሊቀመንበሩም ነገሩ ስለማይገባቸው ይፈቅዱልኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምኮራው ግን በአፌ ነበር። ለወሬ ማለቴ አይደለም፤ ለእሱም አላንስም። ፒፔት የሚባል ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አለ፤ ፈሳሽ እየተለካ ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚዛወርበት። ያን ጊዜ በእኛ ዘንድ ፈሳሹ የሚሳበው በአፍ ነበር። መሳቢያ ጎማ መደርደሪያው ላይ ነበረን፤ ግን በጎማ የሚስብ ሰው ገና ጀማሪ ተብሎ ይሳቅበት ነበር። እኔ ከሰው ጋር እያወራሁ ስስብ እንኳ ከመስመሩ አላልፍም። አለቃችን ዶክተር ታምሩ ባዩኝ ቁጥር "ይህች ልጅ ሚዛን ውጣለች" እያሉ ይስቁ ነበር።

ዶክተር ታምሩ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ውጭ አገር ተምረው የመጡ። በዚያ ዓመት በጋው ሲጠና የማጅራት ገትር ገባና ከሆስፒታል የሚላክልን የበሽተኞች የጀርባ ፈሳሽ በዛ። ሌላው ሰው በሽታው እስኪያልፍ ይጸልያል፤ ዶክተር ታምሩን ግን ሌላ ሐሳብ ያዛቸው። የዚህ ባክቴሪያ ክፋቱ በላዩ ከሚለብሰው ልባስ ነው፤ ልባሱ ከሰውነታችን መከላከያ ይሸሽገዋል። ያንን ልባስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ማስነሳት ፈለጉ። እንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕ እኛ ጋ አልነበረም፤ ያለው ውጭ አገር፣ የድሮ መምህራቸው ዘንድ ነው። የእኛ ሥራ ባክቴሪያውን ገድለን፣ አድርቀን፣ እንደ ፕላስቲክ በሚጠጥር ነገር ውስጥ አስቀርተን መላክ ነበር።

ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። ልባሱ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር በፍሬው ዙሪያ የሚወጣውን ልፋጭ ታውቁ የለ? እሱን ይመስላል። ለፎቶው ሲባል ውሃው በአልኮል መውጣት አለበት፤ ውሃው ሲወጣ ልባሱ ይሟሽሽና ፍሬው ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ የላክናቸው ፎቷቸው ሲመጣ በባክቴሪያው ዙሪያ ባዶ ነጭ ክፍተት ብቻ ነበር። አብሮ የመጣው ደብዳቤ ግን መፍትሔ ይዟል። ባክቴሪያውን አስቀድማችሁ በሽታውን ከሚያውቅ ሰው ሴረም ጋር አዋሕዱት ይላል፤ ሴረሙ ውስጥ ያለው መከላከያ ልባሱን ደግፎ ስለሚይዘው አልኮሉ አያፈርሰውም። ሴረም ማለት ደም ረግቶ ሲቀመጥ ከላይ የሚጠራው ቢጫ ውሃ ነው።

ይህን ሳንሞክር ቤቴ ሐዘን ገባ።

የምኖረው ሹም አቦ ሰፈር፣ ከእህቴ ከሰዓዳ ጋር ነበር። ሰዓዳ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ባሏ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ የስድስት ዓመቷ ሐናንና የስምንት ወሩ ጀማል። ሐናን የእኔ ነበረች ማለት ይቻላል። ከእኔ ጋር ትተኛለች፣ ከእኔ ሳህን ትበላለች፤ ገንፎው ሲፋጃት እፍ እያልኩ የማበርድላት እኔ ነኝ።

አጎታችን ሰይድ ጎንደር አቅራቢያ፣ ቆላ ድባ እህል ይነግዳሉ። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባታችን እሳቸው ነበሩ። በየካቲት ሽምብራ ጭነው መጡና ሦስት ቀን ቤታችን ሰነበቱ። ያስላቸው ነበር። ሐናን ደግሞ ከጭናቸው አልወርድ አለች። እሳቸው በሄዱ በአምስተኛው ቀን ሐናን "ራሴን" አለች፤ ወዲያው አንገቷ ገተረ። ሆስፒታል አድርሰናታል፣ መርፌም ተወግታለች። በሁለተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ቤት ሞልቶ ሳለ አንዲት ጎረቤት "ምኑ ነው እንዲህ ያለ ነገር ያመጣባት?" ብላ ጠየቀች። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። ዛሬም ድምፄ ይሰማኛል።

"ከቆላ ድባ ነው የመጣው" አልኩ። "አጎቴ ሰይድ እያሳሉ ነበር የመጡ። በሽታው በትንፋሽ ነው የሚተላለፍ። እኔ በየቀኑ በዓይኔ የማየው ነገር ነው።"

አጎቴ በሩ አጠገብ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ተማረች የተባለች ልጅ ፈርዳ ማን ይከራከራል? አጎቴ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጫማቸውን ከደጃፉ ፈልገው አጠለቁና ሄዱ። የሸኛቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰዓዳ ስማቸውን አንሥታ አታውቅም። የሐናን የአርባ ቀን ሰደቃ ሲቃረብ የሚጠሩትን ዘመዶች በጣቷ እየቆጠረች ከእሳቸው ላይ ስትደርስ "እሳቸው አይጠሩም" አለች። እኔም "አዎ፣ አይጠሩ" አልኩ።

ሰደቃው የሚወጣው እሑድ ነው። የምነግራችሁ ነገር የጀመረው በዚያው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው።

ከውጭ የተላከልን ሴረም በመንገድ ብዛት ተበላሽቶ ደርሶ ነበር። ዶክተር ታምሩ አልተበሳጩም። "ከበሽታው የዳነ ሰው እዚሁ እያለልን ከሩቅ ምን አስለመነን?" አሉ። ሐይቅ ዳር ታንኳ የሚሠራ አንድ ሰው ከማጅራት ገትር ድኖ ነበርና ለምነነው ደም ሰጠን። ለማነጻጸሪያ ደግሞ በሽታው ያልነካው ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል።

"እኔ አለሁ" ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ሴረሙ ሲጠራ ዶክተሩ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሦስት መስታወት አዘጋጁ።

"በሦስቱም ላይ ያለው ባክቴሪያ አንድ ነው" አሉኝ። "በአንዱ ላይ የታንኳ ሠሪውን ሴረም አንጠብጥቤያለሁ፣ በአንዱ ያንቺን፣ በአንዱ ጨው የገባበት ውሃ ብቻ። የትኛው የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ዓይንሽ እንዳያዳላ።"

"የእኔ ዓይን አያዳላም ዶክተር።"

"የሁሉም ዓይን ያዳላል። አይተሽ ንገሪኝ።"

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። በመጀመሪያው ጠብታ ባክቴሪያዎቹ ተሰባስበው ተቋጥረዋል፤ በየአንዳንዳቸው ዙሪያም ልባሱ ጥርት ብሎ ይታያል። መከላከያው ሲይዛቸው እንዲህ ነው የሚሆኑት። በሁለተኛው ተበታትነው ይንሳፈፋሉ፤ ምንም የለም። ሦስተኛዋ ጠብታ ልክ እንደ መጀመሪያዋ ናት፤ እንዲያውም ልባሱ ከዚያኛው ይልቅ ጎልቷል።

"አንደኛውም ሦስተኛውም የታንኳ ሠሪው ነው" አልኩ ቀና ብዬ። "ሊፈትኑኝ ሁለት ጊዜ አድርገውት ነው። ሁለተኛው የእኔ ነው።"

"ጨው ውሃውስ የት ሄደ?"

"ረስተውት ይሆናላ!" ብዬ ሳቅኩ።

ዶክተር ታምሩ አልሳቁም። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል። አንድ፣ ታንኳ ሠሪው። ሁለት፣ ጨው ውሃ። ሦስት፣ ዘይነባ።

"ተሳስተዋል" አልኳቸው።

"ሊሆን ይችላል። ራስሽ ድገሚው።"

ደገምኩት። ደሜን እንደ አዲስ አስቀዳሁ፣ ሴረሙን ለየሁ፣ ጨው ውሃውን ቀየርኩ። ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ልደግም ፒፔቱን ወደ አፌ ሳስጠጋ ዶክተሩ እጄን ያዙኝ።

"ተይ" አሉ። "በጎማው ሳቢ።"

በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ፒፔቱን አስቀምጬ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ማለት ነው ዶክተር? እኔ እኮ አልታመምሁም። ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅ።"

"ሳይታመሙ የሚሸከሙት ብዙ ሰዎች አሉ። ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቱን አይነካም። ሴረሙ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውነትሽ ይህን ባክቴሪያ ያውቀዋል። መቼ እንዳወቀው አይናገርም። አሁንም አለብሽ ወይ የሚለውን ጉሮሮሽን ነው የምንጠይቀው። አፍሽን ክፈቺ።"

በታጠፈ ሽቦ ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ እስከ ጉሮሮዬ ላንቃ ድረስ ሰደዱ። ሊያስታውከኝ ደርሶ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጥጡን በደም ከተሠራው የባክቴሪያ ምግብ ላይ ቀቡት፤ ሳህኑን ከተለኮሰ ሻማ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አስገብተው ከደኑት። ሻማው አየሩን ጨርሶ ሲጠፋ ባክቴሪያው የሚወደው አየር ይቀራል። ይህን ሥራ መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ያ ቆርቆሮ ሲከደን እኔን እዚያ ውስጥ የዘጉብኝ መሰለኝ።

"ረቡዕ እናየዋለን" አሉ።

ቤት ስደርስ ሰዓዳ ጀማልን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቆማለች። እንደ ሁልጊዜው "እንኪ ያዥልኝ" ብላ ዘረጋችልኝ። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

"ጉንፋን ይዞኛል እታለም። እንዳላጋባበት።"

"ጉንፋን ነው ብለሽ ደጅ ልታድሪ ነው? ግቢ እንጂ!" አለችና ፊቴን ስታይ ለስለስ አለች። "አርባዋ ሲደርስ ብሶብሽ ነው፤ እኔም እንደዚያው ሆኛለሁ።"

ሻሼን አፍና አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ገባሁ። ሰዓዳ ለሰደቃው የሚሆነውን ምስር እየለቀመች ነበር። ከሰፌዱ ቀና ሳትል "እንኳንም ያ ሰው አልተጠሩ" አለች። "መጥተው ጀማልን እቀፍ ቢሉስ? ምን ብዬ እከለክላቸው ነበር?"

የምስሩን ጠጠር ትጥላለች፣ ትጥላለች፤ እኔ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቆርቆሮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሳህኑ ላይ የጤዛ ጠብታ የመሰሉ ግራጫ ነጠብጣቦች በቅለዋል። ማይክሮስኮፑ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ጎን ለጎን እንደ ተጣበቁ የቡና ፍሬዎች ታዩ። ዶክተሩ ከታንኳ ሠሪው ሴረም አንድ ጠብታ ጨመሩባቸው። ተሰበሰቡ። በዙሪያቸው ያ ልባስ ወጣ።

ከዚያ እኔ ወደ ሥራ መዝገቤ ሄድኩ። መጻፍ የምወድ ሰው ነኝ፤ እያንዳንዱን ነገር እጽፋለሁ። ገጹን ገልጬ አገኘሁት። ሐናን ከመታመሟ ከስድስት ቀን በፊት፣ በራሴ ቆንጆ ጽሑፍ፣ "ሕያው ባክቴሪያ ስስብ ትንሽ አፌ ገባ፤ ተጉመጠመጥኩ" ብዬ ጽፌያለሁ። አጠገቡ እንደ ቀልድ የሳቅ ምልክት አድርጌበታለሁ። ጉዳዩን ረስቼው ነበር። ያን ቀን ቤት ሄጄ ገንፎ አበላኋት፤ እፍ እያልኩ።

"ገደልኋት" አልኩ። "ዶክተር፣ እኔ ነኝ የገደልኋት።"

ዶክተር ታምሩ መዝገቡን ከእጄ ወስደው አነበቡትና ዘጉት።

"አይታወቅም" አሉ። "ስሚኝ ዘይነባ። ከፒፔቱ ወዳንቺ፣ ካንቺ ወደ እሷ ሄዶ ይሆናል። እሷ ከሰፈር ልጆች ይዛ ላንቺ ሰጥታሽ ይሆናል። ከአጎትሽ ለሁለታችሁም ተላልፎ ይሆናል። ማይክሮስኮፕ ያለውን ነው የሚያሳየው፤ ከየት እንደመጣ አያሳይም። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ወደፊትም አይኖርም።"

"እኔ ግን አውቄ ተናግሬያለሁ። በለቅሶ ቤት ቆሜ ተናግሬያለሁ።"

"እኔም በአፍሽ ስትስቢ እያየሁ አጨብጭቤልሻለሁ" አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ተነሥተው በቤቱ ያሉትን ጎማዎች ሁሉ ከመደርደሪያው አወረዱና በየጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጉሮሮን ከባክቴሪያው የሚያጸዳ፣ ሽንትን የሚያቀላ ክኒን ሰጡኝ፤ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፤ ሰዓዳም ጀማልም የየድርሻቸውን እንዲወስዱ። ለሰዓዳ "ለጥንቃቄ ነው" ብቻ አልኳት። የቀረውን አልነገርኳትም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም።

"ወዴት?" አለኝ ጸሐፊው።

"ቆላ ድባ።"

"ምክንያት?"

"አጎቴን ይቅርታ ልጠይቅ።"

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። "እህቴ፣ ይቅርታ የሚል ፎርሙ ላይ የለም። የመንግሥት ሥራ፣ ንግድ፣ ሕክምና፣ ሐዘን። ሐዘን ልበልሽ?"

"ሐዘን በል።"

የመጨረሻውን ክኒን ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ውጬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወረታን አልፈን፣ ኬላ ላይ ወርደን ተፈትሸን፣ አዘዞ ላይ መኪና ቀይረን ቆላ ድባ ስደርስ የአስር ሰዓት ፀሐይ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር የዋልኩት።

የአጎቴ ባለቤት በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ደነገጡ። ሳሙኝ፤ ግን አላስገቡኝም።

"አጎትሽን ፈልገሽ ነው? ከእህል ቤቱ ናቸው" አሉና በጓሮ በኩል ጠቆሙኝ። "ካንቺ ንግግር ወዲህ እዚያ ነው የሚያድሩ። ምግባቸውን ደጃፍ ላይ ነው የማስቀምጥላቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ግቢ ብለውኝ አያውቁም። የልጅ ልጆቻቸውን በአጥር ነው የሚያዩ። መስጊድም ቀሩ፤ ሰው እበክላለሁ ብለው።"

ሰኞ ያየሁት ጠብታ አስደንግጦኝ ነበር፤ ረቡዕ ያየሁት ሳህን አስደንግጦኝ ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው። እኔ አራት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ወደ ሥራዬ ተመልሼ ነበር። አንድ ሽማግሌ በእነዚያ አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አርባ ቀን ሊሞላው ታስሮ ተቀምጧል።

የእህል ቤቱን በር ገፋ ሳደርግ አጎቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

"አትጠጊ!" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። "እዚያው ቁሚ ልጄ። እዚያው ሁነሽ ተናገሪ።"

ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝ። በሩ ላይ ተንበረከክኩ።

"አጎቴ፣ በሽታው የተገኘ ከእኔ ጉሮሮ ነው። ከእርስዎ አይደለም። በሽታው ከየት እንደመጣ አይታወቅም ይላሉ ሐኪሙ። እኔ ግን እርስዎ ነዎት ብዬ በሰው ፊት ተናገርሁ።"

ጋቢው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከስተዋል፤ ጉንጫቸው ገብቷል።

"ያን ጊዜ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔን በዚያ በመሣሪያሽ አይተሽኝ ነበር?"

"አላየሁዎትም።"

"ጉሮሮዬን አልነካሽም። ደሜን አልወሰድሽም።"

"አልወሰድሁም።"

"ሳታዪኝ ነው?"

"ሳላይዎት ነው አጎቴ።"

ቁጣ ቢኖርበት እችለው ነበር። የሚጠይቁኝ ግን አንድ ያልገባቸው ነገር እንዲገባቸው ፈልገው ነበር። እኔ ያለ ማይክሮስኮፕ አንድ ቃል የማልጽፍ፣ ለማላውቀው በሽተኛ ውጤት ሦስት ጊዜ የምደጋግም ሰው፣ ባሳደጉኝ ሰው ላይ አንዲት ጠብታ ሳላይ ፈርጄ ነበር። አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት።

"ለሰዓዳ ነግረሻታል?" አሉኝ።

"ገና ነኝ።"

"እንዳትነግሪያት።" ወደ ፊት ጠጋ አሉ። "ስሚ ልጄ። እናንተ እህትማማች ናችሁ፤ አንድ ቤት ነው የምትኖሩ። ይህ ነገር ከመካከላችሁ ከገባ አይወጣም። እኔ ሩቅ ነኝ፤ አርጅቻለሁ። በእኔ ላይ ይቅር። ለምጄዋለሁ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በዚያች ቅጽበት፣ በእንባዬ መካከል፣ ትልቅ ሸክም ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። እጃቸውን ስሜ፣ ከእህል ቤቱ አውጥቻቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ራት አብረን በላን፤ ለሰደቃው ይምጡ ብዬ ብለምናቸው ግን "ሰው ይደነግጣል፤ አይሆንም" አሉ። ቅዳሜ ብቻዬን ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እያሰብኩ የነበረው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለሰዓዳ አለመንገር የአጎቴን ቃል ማክበር እንደሆነ ነበር። ሰው ለራሱ ሲፈርድ ምን ያህል ብልህ ነው!

እሑድ ቤቱ ሞላ። ዱዓ ተደረገ፤ ምግብ ቀረበ። ያችው ጎረቤታችን ጀማልን ተቀብላ ታቅፋው ነበር፤ ሰዓዳን ለማጽናናት ብላ "ይህንን አላህ ያሳድግልሽ፤ ከዚያ ከቆላ ድባው ሰውዬ ትንፋሽም ያርቅልሽ" አለች። ሰዓዳም ከልቧ "አሚን" አለች።

ያ "አሚን" ነው ያስነሣኝ። ያን ጊዜ ከቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ ጉሮሮዬ፣ ስለ ፒፔቱ፣ ስለ ገንፎው። አጎቴን ሳልመረምር እንደፈረድኩባቸው ተናገርኩ። እህል ቤት ውስጥ እንዳገኘኋቸውም ተናገርኩ። ሰው እጁ ትሪ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ሰዓዳ አልጮኸችም። እንድትጮህብኝ ስመኝ፣ ስትደበድበኝ ስጠብቅ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው ያወቅሽ?"

"ረቡዕ።"

"ረቡዕ" አለች። "ዛሬ እሑድ ነው።"

ጀማልን ከጎረቤቷ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች።

አንባቢዎቼ፣ ዶክተር ታምሩ ፎቶዎቹ ከወራት በኋላ ሲመጡላቸው ጠርተው አሳዩኝ። ልባሱ ቆሟል። በባክቴሪያው ዙሪያ እንደ ፀጉር ሰፍቶ፣ አልኮሉ ሳያፈርሰው፣ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ከሁለቱ ሴረሞች የእኔው በልጦ ነበርና የደገፈው የእኔ ደም ነው። ዶክተሩ "እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም" አሉ። እኔ ግን ያንን ያማረ ፎቶ ለረጅም ጊዜ ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። በአፌ አንድ ጠብታ ስቤ አላውቅም፤ ተማሪዎቼም "የጎማዋ እትዬ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ይህ ትንሹ ለውጥ ነው። ትልቁ ግን ስለማላየው ነገር ስጠየቅ "አላውቅም" ማለት መቻሌ ነው። ይህች ቃል ለተማረ ሰው አፍ እንዴት እንደምትከብድ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። እናንተም አንድ ቀን ሰው ሁሉ አፍ አፋችሁን እያየ "ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ የምትሰጡት መልስ ከተናገራችሁ በኋላ የት ሄዶ እንደሚያድር አስቡ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ እህል ቤት ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ነበር።

ሰዓዳ በሰደቃው ማግሥት፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጀማልን አዝላ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አልነገረችኝም፤ ኬላውን ያለ ይለፍ ወረቀት ምን ብላ እንዳለፈችም ዛሬ ድረስ አላውቅም። ቆላ ድባ ላይ የሆነውን የነገሩኝ የአጎቴ ባለቤት ናቸው። ሰዓዳ ገብታ ምንም ሳትናገር ጀማልን ከጀርባዋ አውርዳ አጎቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። አጎቴ ትንፋሻቸውን ያዙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ልጁን እንዳይነኩት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ተቀመጡ። ሰዓዳ የተነሡትን እጆች አንድ በአንድ ይዛ አወረደቻቸውና በልጁ ወገብ ላይ አደረገቻቸው።